በጓሮ የተቀበረው ቱቦ

ማስታወቂያው በበሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ ሴትዮዋ ከቀለም በርሜሏ ላይ ቀና አላለችም ነበር። ጨርቅ መንከር መተዳደሪያዋ ነው፤ ሰፈሩም እጇን አይቶ «ቀይ እጅ» ካላት ሃያ ዓመት አልፏል። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንስታ አነበበችው። ከውኃና ፍሳሽ ቢሮ ነው፤ ለአዲሱ የፍሳሽ መስመር በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ይክፈል፤ በሠላሳ ቀን ያልከፈለ ውኃው ይቋረጣል፣ ቤቱም በዕዳ ይያዛል ይላል። ያን ያህል ገንዘብ በሕልሟም አይታ አታውቅም። ባሏ ሲሞት ጥሎላት የሄደው ይሄንኑ ቤት ብቻ ነው።

ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው መምህር፣ አጥሩን ተደግፈው ሊያጽናኗት ሞከሩ።

«ሸጠሽ ብትገላገይስ? ከቢሮ ጋር ግብግብ ምን ያደርግልሻል? እኔ እንኳ ለክፍያው መኪናዬን ልሸጣት ነው።»

«ጋሼ፣ የኔ ቤት ፍሳሽ እኮ በዚህ መንገድ አይሄድም። ባለቤቴ በጓሮ በኩል ከታችኛው መንገድ መስመር ጋር አገናኝቶታል።»

«ወረቀት አለሽ?»

«ቱቦ አለኝ።»

ቢሮው አራት ቀን ዛሬ ነገ እያለ አመላለሳት። በአምስተኛው ቀን ምሳዋን ቋጥራ የቢሮው መሐንዲስ በር ላይ ቁጭ አለች። ሰውዬው ሲገባም ሲወጣም እግሩ እሷን መሻገር ነበረበትና በመጨረሻ አስገባት።

«እናቴ፣ እኛ ክፍያውን የምንተምነው የቤት ቁጥሩ በተለጠፈበት መንገድ ነው። ካርታው ላይ ጓሮዎ ቱቦ የለውም።»

«ፍሳሹ ቁጥር ያነባል እንዴ?»

መሐንዲሱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ሊያይላት ቃል ገባ።

ሐሙስ ዕለት ታችኛው መንገድ ላይ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የማንሆሉ ክዳን ተነሣ። ቀይ እጅ የባሏን ወንድም እቤቷ አስቀርታዋለች፤ ሁለት ባልዲ ቀይ ቀለም ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፍቶ ውኃ እየጨመረበት ነው። እሷ ከመሐንዲሱ ጎን ቁልቁል ታያለች። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ያው አመድማ ውኃ ብቻ ነው የሚወርደው። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

«በቃ በይ እንግዲህ» አሉ አብረዋት የመጡት መምህሩ ቀስ ብለው።

ቱቦው መሬት ውስጥ ተሰብሮ ቢሆንስ? ግን ወደ ጓሮው ዞራ ጮኸች፤ «ጨምርበት! በርሜሉን ገልብጠው!»

መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መጣ። ከዚያ ውኃው እንዳለ ቀላ። ቀይ እጅ መንገዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያኔ ባሏ ሲቆፍር ጓሮዬን አበላሸኸው ብላ አንድ ወር ሙሉ ነዝንዛዋለች። አሁን ናፈቃት፤ ይቅርታ የምትለው ሰው አጥታ አንጀቷ አረረ።

መሐንዲሱ ቅጹ ላይ «ከክፍያ ነጻ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ክዳኑ እንዲመለስ ለሠራተኛው ምልክት ሲሰጥ እሷ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች።

«ቆይ፣ አትክደነው። የዚህን ረድፍ ሰባቱንም ቤት የገነባው ባለቤቴ ነው። የሁሉንም ቱቦ በአንድ ቦይ ነው የቀበርኩት ብሎኛል።»

መምህሩ ቤታቸውን የገዙት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህን አያውቁም።

«የኔም?» አሉ።

«እናቴ፣ ያመለከቱት ለራስዎ ቤት ብቻ ነው» አለ መሐንዲሱ። «ለሌላው አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ቀጠሮ...»

«ክዳኑ ክፍት ነው፣ አንተም እዚሁ ቆመሃል። ቀዩ እንዳያደናግርህ የጋሼን ሰማያዊ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ለሰባት ቤት የሚሆን ቀለም አላጣም።»

መሐንዲሱ ሌላ ቅጽ አወጣ። መምህሩ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው እየፈለጉ ወደ ቤታቸው ሮጡ።