አባዬ ጥያቄ ጠየቀ

ዩኒቨርሲቲው በዓመት አንድ ቀን በሩን ለሕዝብ ከፍቶ ምሁራኑን ስለ ጥናታቸው ንግግር ያስደርጋል። ዘንድሮ ተራው ለእህቴ ደረሳት። የምታጠናው ዝንብ ነው። ሕክምናውን ትታ ወደ ዝንብ የዞረች ዕለት አባዬ፣ «ዝንብ እሽ ለማለትማ እኔስ ምን አነሰኝ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ጤናዋን ይጠይቃታል እንጂ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ንግግሬን ስማልኝ ብላ ለመነችው። እሺ ሲላት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ አጠገቧ ነበርኩ።

አባዬ ክራቫቱን አንቆ ሁለት ቁጥር አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ተሰየመ። መድረኩ ላይ የወጣው ግን አንድ ጎልማሳ ነው፤ የሚያወራውም ሲሚንቶ ለምን እንደሚሰነጠቅ። እህቴ ወደ አንድ ቁጥር መዛወሯን በሩ ላይ ለጥፈውት ኖሯል። እኛ በሩን እንጂ ወረቀቱን አላየንም።

እንውጣ ብዬ ጎሸም አደረግሁት። ዞር ብሎ አዳራሹን ቃኘ። ከእኛ ሌላ ሦስት ሰው አለ፤ አንዱ ተኝቷል።

«ዓይኑ እያየ እንዴት ጥለነው እንወጣለን? የሰው ልጅ እኮ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

ይሉኝታ የዚህን ሰውዬ ግማሽ ዕድሜ በልቶበታል። ብቻዬን እንዳልወጣ እኔም የሱው ልጅ ነኝ። ስንጥቁን አንድ በአንድ ተከታተልን። በመጨረሻ አወያዩ ጥያቄ ያለው ቢል ሁሉም ጭጭ አለ። ጎልማሳው ውኃ ጠጣ፣ ወረቀቱን አስተካከለ። የአባዬ አንጀት አልቻለም፤ እጁን አውጥቶ ስለ ቤታችን ግድግዳ ጠየቀ። ጎልማሳው ፊቱ በራ። መልሱም ማለቂያ አጣ።

አንድ ቁጥር ስንደርስ ሰዉ ተበትኗል። እህቴ ብቻዋን የኮምፒውተሯን ገመድ ትጠቀልላለች። የት እንደነበርን፣ ለምን እንዳልወጣን፣ የግድግዳውን ጥያቄ ሳይቀር ነገርኳት። ምን አለ አፌን ብይዝ።

«የማታውቀው ሰው አሳዝኖህ ጠየቅከው» አለችው። «እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

አባዬ አሳዘነኝ፤ እሷም አሳዘነችኝ። ሄዶ ከባዶው አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና እጁን አወጣ። እህቴ ገመዱን እንደያዘች አየችው። እጁን አላወረደም።

«እሺ፣ ይጠይቁ አባት» አለች በመጨረሻ።

«ዝንብን ምኗን ወደድሽላት?»

«መልሱ ረጅም ነው» አለችና ኮምፒውተሯን መልሳ ከፈተች።