ሳትባረክ የታረደችው ዶሮ

በ1930 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በመንደራችን ቢላዋ ሊይዝ የሚችል ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ጣሊያንን ሊወጉ ዱር ገብተዋል። እኔ እስክንድርያ ከጣሊያኖች ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ተምሬ የተመለስኩት በጾሙ እኩሌታ ነው። ጠመንጃ ስለማላውቅ ማንም ና ያለኝ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቤት እመላለሳለሁ፤ ለምን እንደመጣሁ ለራሴም አልገባኝም።

በአገራችን ሴት አታርድም። ስለዚህ እናቴ እቴናት ቢላዋውን ሳለችና እጀታውን ወደ እኔ አዞረች።

«እማዬ፣ አርጄ አላውቅም።»

«ዛሬ ታውቃለህ።»

«ሌላም ነገር አለ። እዚያ ሳለሁ ጾሙን ትቼው ነበር። ጸሎቱንም… አሁን እንደ እናንተ ማመኔን እንጃ።»

እናቴ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ታምናለህ ወይ አላልኩህም። በአርባ ቀንህ ክርስትና አስነስቼሃለሁ። ያኔም አምነህ አይደለም፤ ስትጮህ ነበር። ያዝ!»

ያዝኩ።

አጥር ለአጥር የምትጎራበተን የብርጓል ዶሮዋን ታቅፋ መጣች። ባሏ ደምለው ከአርበኞቹ ጋር ነው። እሁድ አንድ ማዕድ ሊበላ ብቅ እንደሚል በሰው ልኮባታል፤ ከጥምቀት ወዲህ አላየችውም። ወታደሮቹ የመንደሩን ዶሮ ለቅመው ሲወስዱ ከተረፉት ሁለት ዶሮዎች አንዷ ይህች የእሷ ነበረች። ሌላው እናቴ ጎታ ውስጥ ደብቃ ያቆየችው ቀይ አውራ ዶሮ ነው።

«አንተ ሙሴ ፈረንጅ፣ አንገቷ ከላይ በኩል ነው፤ እንዳትሳሳት» አለች የብርጓል።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«የት አየኸው? መጽሐፍ ላይ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ክንፏንና እግሯን ረግጬ አንገቷን ያዝኩ። ላባው ከእጄ ሥር ይሞቃል፤ ልቧ ይመታል። ስለቱ እንዳይስት ብቻ አስብ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቆረጥኩ። ተንፈራግጣ ጸጥ አለች።

«ይኸው! ሞተም ተረፈም ወንድ ነው» አለች የብርጓል። «ጸሎቱን ግን እንደ ፈረንጅ በከንፈሩ ነው የሚያደርሰው፤ ምንም አልሰማሁም።» ሳቀችና ዶሮዋን አንስታ ወደ ፈላው ውሃ ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። «በስመ አብ» ሳልል አርጃለሁ።

ስሙ ሳይጠራበት የታረደ ሥጋ በክት ነው፤ አይበላም። ይህን ሕፃንም ያውቃል። እስክንድርያ ቢሆን ኖሮ ሥጋ ሥጋ ነው፣ ቃል አይለውጠውም ብዬ ከማንም ጋር ግማሽ ቀን በተከራከርኩ። አሁንም የሚለውጠው አይመስለኝም። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ደምለው ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቆሎና ውሃ ብቻ እየቀመሰ ጾሞ ነው የሚመጣው። እሱ የማይበላውን እኔ ላበላው ነው።

«እትዬ የብርጓል፣ ውሃው ውስጥ አትክተቻት። አላልኩም።»

«ምኑን?»

«በስመ አብ አላልኩም። ረሳሁ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «በልብህስ?»

«በልቤም አላልኩም።»

«ምን ነበረበት ዝም ብትል!» ብላ ጮኸች። «እኔ አላውቅ፣ እሱ አያውቅ! ምን ነበረበት፣ አንተ ሰው!» እንባዋ መጣ። ቢሆንም ድስቱን አልነካችም። ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥላ ሄደችና ከአጥሩ ማዶ ለውሻ ወረወረቻት።

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ቀዩ አውራ ዶሮ በእጇ ነበር።

«አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው። እኛ አራት ነን። ነገ ባልሽን ይዘሽ እዚሁ ትበያለሽ፣ የብርጓል። አሁን ሽንኩርቱን መክተፍ ጀምሪ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ድምፅህን አውጥተህ በል። ከተማው ይጁቤ ድረስ ይሰማ።»

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አልኩ። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ እጄ ግን አልሳተም።

እሁድ ረፋድ ላይ ደምለው መጣ። ከስቷል፤ ጎፈሬው ትከሻውን ነክቷል። በተልባ ጉሮሯችንን አርጥበን ወደ ሌማቱ ቀረብን። በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ወጡ ቀይ ነው፤ ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ተንሳፍፏል፤ አይቡ ከጎኑ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ዶሮውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ወጥ የጠገበ እንጀራ ነው። እናቴ አልረሳችም፤ ያንን እየጠቀለለች አጎረሰችኝ። ደምለው እየበላ የአንድ ጣሊያን ሻምበል በቅሎ እንዴት ጌታዋን ጥላ ወደ እኛ ሰዎች እንደ ኮበለለች ሲያወራ ከሳቄ የተነሣ ጠላው በአፍንጫዬ ሊወጣ ደረሰ።

የብርጓል ግን አላስቻላትም። «የራስህን ዶሮ ውሻ በላት» አለችና ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ደምለው ማላመጡን ተወ። «ማንም አልሰማህም ነበር?»

«ማንም፣ አያ ደምለው።»

«ታዲያ ለምን ተናገርክ?»

«የሚበሉት እርስዎ ነበሩ።»

ደምለው ከሌማቱ ፈቀቅ አለ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ከደረቱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ጣሊያንኛ ትችላለህ ይላሉ። ይህን ከመልእክተኛቸው ላይ ነው የያዝነው። አንድ አንባቢ አለን፤ ጣሊያን ከክረምት በፊት ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ነው ይላል ብሎናል። ሰውዬው ግን ሁልጊዜ ደስ የሚለንን ብቻ ነው የሚያነብልን።»

አነበብኩት። የብርጓል አፌን አፌን ታያለች። ደግሜ አነበብኩት።

«አይወጡም» አልኩ። «ለሰፈራቸው የጣሪያ ቆርቆሮና ምስማር እንዲላክላቸው ነው የጠየቁት። ክረምቱ ሳይገባ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ለዓመታት በምንም ነገር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። «ነኝ» አልኩ።

የብርጓል የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ክረምቱን ቤቱ የሚያሳልፍ መስሏት ነበር። ደምለው ወረቀቱን አጠፈ። «እንግዲያ እኛም እንከርማለን። አልያም ቆርቆሮው እንዳይደርስ እናደርጋለን።» ወረቀቱን ወደ ደረቱ መለሰ። «ሌላም ወረቀት አለን። አንድ አኮፋዳ ሙሉ።»

ና አላለኝም። «መቼ ነው የሚነሡት?» አልኩት።

«ፀሐይዋ በረድ ሲል።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«ጠመንጃ አያውቅም» አለች እናቴ፣ ወደ ደምለው ሳትመለከት።

«ጠመንጃ የሚያውቅ ሞልቶናል፣ እመት እቴናት።»

«ማረዱን ግን ለሌላ ስጡት» አለች የብርጓል፤ ዓይኗ እንደ ረጠበ ሳቀች። ያስቀመጠችውን ጉርሻ አንስታ ለባሏ አጎረሰችው።

እናቴ ከመሶቡ ሥር የቀረውን ድፎ ዳቦ አውጥታ በጨርቅ ቋጠረች። ቋጠሮውን ለሁለት ሰው አበጀችው። ከዚያ የመጨረሻውን እንቁላል በወጥ ለወሰችና ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይህን ሳትጨርስ አትነሣም።»

በላሁት።