የተዋሰው ኑዛዜ

አስር አለቃው ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። የሟች ጓደኛውን ሚስት፣ የልብስ ሰፊዋን ቴሌቪዥን ግን የሚሠራው በነፃ ነው። ያን ቀንም ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄዶ ጀርባውን ፈታታ፤ የተቃጠለውን ዕቃ በመበየጃ ካውያ ነቅሎ በአዲስ ተካና አበራው። ምነው ያን ቀን እጁን ባመመው!

ብቅ ያለው የሆሊውድ የጦር ፊልም ነበር፣ ያውም የተተረጎመ። ሴትዮዋ ስፌቷን ትታ ዓይኗን ተከለች። ጀግናው በእሩምታ መሀል ይሮጣል፤ ጥይቱም ዘመዱ ይመስል ገለል እያለ ያሳልፈዋል።

"እናንተም እንዲህ ነበር የምትሮጡት?"

"እኛማ ወደ ኋላ ነበር" አላት።

እሷ ከልቧ ሳቀች። እሱ ግን ክው ብሎ ቀርቷል፤ ፊልሙን አውቆታል። ድሮ ካምፕ ውስጥ አንሶላ ተወጥሮ፣ መቶ አለቃው እየጮኸ ሲተረጉምላቸው አይቶታል። የባሏን መርዶ ይዞ የመጣ ጊዜ "ሲሞት ምን አለ?" ብላ እግሩ ላይ ስትወድቅ፣ እውነቱ ለጀግና ሞት አነሰበትና የዚህን የፊልም ጀግና ኑዛዜ የባሏ ቃል አድርጎ ሰጣት። ምስኪን፣ በዚያ ቃል ተጽናንታ ልጆች አሳድጋለች። ኑዛዜው ደግሞ አሁን ሊመጣ ነው።

"ዕቃው እንዳይግል ላጥፋው" አለ።

"ተው እንጂ፣ ሊሞት ነው እኮ!"

ጀግናው ተመታ፤ ጸጉሩ እንኳ አልተበላሸም። ጓደኛው ክንድ ላይ ጋደም ብሎ፣ "ለሚስቴ ንገራት፤ ዓይኔን የከደንኩት ፊቷን እያየሁ ነው በላት" አለ።

አስር አለቃው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴትዮዋ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

"እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለች። "የኔ ባል ይሄን ሁሉ ሊናገር? ሊያገባኝ ሲጠይቀኝ እንኳ 'እሺ በይ' ነው ያለኝ፣ አለቀ።"

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ..."

"ይቅርታው ይደርሳል። እሱ ሲሞት ምን አለ?"

"ተይው፣ ይህ ነው የሚባል ነገር አይደለም።"

"ንገረኝ አልኩህ!"

አስር አለቃው ይዞት የቆየውን ካውያ አስቀመጠ። "ሆዱን ነበር የተመታው። ደሙ ሲፈስ በረደውና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካፖርቴን አውልቄ ደረብኩለት። ቀና ብሎ አየኝና 'አንተስ?' አለኝ። እኔ አይበርደኝም ልለው ስል... አለፈ። ይኸው ነው።"

ሴትዮዋ የጀመረችውን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በመርዶው ቀን እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላያትም።

"እሱ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ሲመለስላት። "እሱ ራሱ ነው! አንተ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን በሰው ባል ስታስለቅሰኝ ኖርክ።"