ብርቱካናማ ምልክት

ምልክቱ ብርቱካናማ ነበር። ኖሪን ይህን ያስተዋለችው ቤቷ ደርሳ፣ መኪናዋን አቁማ፣ አውራ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሮዝ ቀለም ባየች ጊዜ ነው።

ጠዋት ድልድዩ አጠገብ መኪና የገጫትን ካንጋሮ የሆድ ከረጢት ፈትሻ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጣ፣ እንደ ደንቡ በሚረጭ ቀለም ሆዷ ላይ ትልቅ ኤክስ አድርጋባት ነበር። የሞተች እናት ከረጢት ውስጥ ግልገል በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከረጢቷ የተፈተሸ ሁሉ ኤክስ ይደረግባታል፤ ከኋላ የሚመጣ ተንከባካቢ ምልክቱን አይቶ ያልፋል። የአካባቢው የዱር እንስሳት ተንከባካቢዎች ደግሞ ሁሉም የሚጠቀሙት አንድ ቀለም ነው፤ ሮዝ።

ከሰዓት በኩላባ መንገድ ስትመለስ ፀሐይዋ ፊት ለፊቷ ነበረች። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ትልቅ ግራጫ ካንጋሮ ተጋድማ፣ ጎኗ ላይ ኤክስ አየች። አልቆመችም። ይባስ ብሎ የቡድኑ ስልክ ተቀባይ ደውላ፣ «ኩላባ መንገድ ላይ የተገጨች ካንጋሮ አለች ተብሏል፤ ሰው ልላክ?» ስትላት፣ «ተይው፣ ታይታለች፤ ምልክት አላት» ብላ መለሰችላት።

ማን አያት? ብርቱካናማው ቀለም የመንገድ ሠራተኞቹ ነው። መንገዱን የሚያሰፋው ተቋራጭ ችካሉንም፣ የሚቆረጠውንም ዛፍ፣ የሚነሳውንም ድንጋይ በዚያው ቀለም ነው የሚያመለክተው። በእነሱ ዘንድ ትርጉሙ «ይነሳ» ነው።

«ብራይዲ! ተነሺ! ፎጣና መቀስ ያዢ!»

ልጇ ለዩኒቨርሲቲ እረፍት መጥታ ሶፋው ላይ ተዘርራ ነበር። እግሯን ከጠረጴዛው ላይ ሳታወርድ አንገቷን ብቻ አዞረች።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም።»

«እማ፣ ካንቺ አፍ እንዲህ ያለ መልካም ዜና ሰምቼ አላውቅም።»

«ተነሺ አልኩሽ!»

ብራይዲ የእናቷን ፊት ስታይ ቀልዱን ተወችው። ፎጣውን፣ መቀሱንና መርፌ ቁልፎቹ ያሉበትን ቆርቆሮ አንስታ በባዶ እግሯ ወደ መኪናው ሮጠች። ጫማዋን ያጠለቀችው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ብታዘነብልም ሙቀቱ ገና አልበረደም። ኖሪን መሪውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ነገሩን ለልጇ ነገረቻት። ነገር ሁሉ ለእሷ ከመጨረሻው ነው የሚታያት። ብራይዲ ስልክ ሳታነሳ ከቀረች አምቡላንስ ይታያታል፤ ጭስ ከሸተታት ቤቱ ተቃጥሎ ያለቀ ይመስላታል። አሁንም ግልገሉ ከከረጢቱ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ሲዳክር፣ ቁራዎች ዓይኑን ሲጓጉጡት፣ የከብት ጭነት መኪና ሲመጣ፣ ሁሉንም በተራ አየችው።

«ምናልባት ከረጢቷ ባዶ ይሆናል» አለች ብራይዲ።

«ምናልባት።»

«ወይም ወንድ ይሆናል፤ መጀመሪያውኑ ከረጢት የሌለው።»

«ሴት ናት። አይቻታለሁ።» ኖሪን ፍጥነት ጨመረች። «ያን ያህል አይቼ ነው ያለፍኳት።»

ቦታው ላይ ሲደርሱ ካንጋሮዋ የለችም። የደረቀ ደም፣ የተጎተተ ነገር ዱካና የትልቅ ጎማ ጥርስ ብቻ ነበር የቀረው። ዱካው ጠጠር ይወጣበት ወደነበረው አሮጌ ጉድጓድ ያመራል።

«ሊቀብሯት ነው» አለች ኖሪን። መኪናዋ በኮረኮንቹ ላይ እየዘለለች ስትገባ መርፌ ቁልፎቹ ከቆርቆሮው ወጥተው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢጫ ሎደር ቆሞ ሞተሩ ያጓራል። ባልዲውን በአፈር ሞልቶ ወደ ጠርዙ ለመሄድ ሲያፈገፍግ ኖሪን የመኪናዋን ጥሩምባ ነፋች። ሹፌሩ አልዞረም፤ ሁለቱም ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጓል።

መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም ብራይዲ በሩን ከፍታ ዘለለች።

«ብራይዲ! ብራይዲ፣ ወደዚያ እንዳትሄጂ!»

ልጅቷ ግን እጆቿን እያውለበለበች በሎደሩና በጉድጓዱ መካከል ሮጣ ገባች። ሎደሩ ወደፊት መጣ። የተነሳው ባልዲ የሹፌሩን ዓይን ጋርዶታል፤ ባልዲው ያላስቀረውንም የምትጠልቀው ፀሐይ አስቀርታዋለች። ኖሪን ይሄ እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ቢጫ ቀለም ተቀብቶ እየመጣ ነው።

ያሰበችው ነገር የለም። ነዳጁን ረገጠችና መኪናዋን በሎደሩ አፍንጫ ፊት ለፊት ሰነቀረቻት።

ድንጋጤውና የብረቱ ጩኸት አንድ ላይ መጡ። የባልዲው ጥግ የፊት መብራቱን ደርምሶ የሞተሩን ክዳን እንደ ወረቀት አጠፈው። ከባልዲው የፈሰሰ አፈር የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ከዚያ የሎደሩ ሞተር ጠፋ።

«እማ!»

«አንቺ ደህና ነሽ?» ኖሪን አፈሩ ባልደረሰበት በኩል ወጣች። «እግርሽን አሳዪኝ! እጅሽን!»

«እኔ ደህና ነኝ! አንቺ ነሽ እንጂ የተመታሽው!»

ሹፌሩ መከላከያውን አንገቱ ላይ አውርዶ ከላይ ወረደ። ክሊፍ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ኳስ ክለቡ ደጃፍ ቋሊማ የሚጠብሰው። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ኖሪን! ጤነኛ ነሽ አንቺ ሴትዮ? ልገድልሽ ነበርኮ!»

«ልጄን ልትገድል ነበር!»

«የት አውቄ! ሰው ከመሬት ይበቅላል እንዴ?»

«ጩኸቱን በኋላ» አለች ብራይዲ መሀል ገብታ። «ክሊፍ፣ ከመንገድ ያነሳሃት ካንጋሮ የታለች?»

በአገጩ ወደ ጉድጓዱ አመለከተ። «ሁለት ባልዲ አፈር አልብሻታለሁ። ምነው፣ ዘመዳችሁ ናት?»

«ከረጢቷን አልፈተሽነውም» አለች ኖሪን።

ክሊፍ አፉን ከፈተ፤ ቀልድ ሊጨምር አስቦ ነበር፤ ተወው። ሦስቱም ወደ ጠርዙ ተጠጉ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል። ከአፈሩ ሥር አንድ ረጅም እግር፣ የጅራት ጫፍና ብርቱካናማ ቀለም የነካው የጎን ቁራጭ ይታያል። ኖሪን መንሸራተት ስትጀምር ክሊፍ ክንዷን ያዛት።

«ቆይ፣ ቆይ። ግድግዳው ልል አሸዋ ነው። ካንቺ ጋር ተያይዞ ነው የሚወርደው።»

«ልቀቀኝ።»

«አለቃዬ ሰው ወደዚህ እንዳይገባ ብሎ አስፈርሞኛል...»

«እኔ እወርዳለሁ» አለች ብራይዲ። «እኔ ቀላል ነኝ። አንቺ ከላይ ሆነሽ ንገሪኝ።»

«አይሆንም።»

«እማ፣ የጉልበትሽን ሕመም አታውቂውም? ከገባሽ በሎደር ነው የምናወጣሽ።»

ኖሪን ግድግዳውን አየችው። ከጠርዙ ሥር ስስ አሸዋ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ልጇ እታች ሆና ሲደረመስባት ታያት፤ አፏን ሲሞላት፣ ፀጉሯን ሲውጥ። «እሺ» የሚለው ቃል ከአፏ የወጣው እሷ ሳትፈቅድለት ይመስል ነበር። ክሊፍ የራሱን የራስ ቁር አውልቆ ብራይዲ ላይ ደፋባት፤ እስከ ቅንድቧ ወረደ።

«ደንብ ነው» አላት። «ብትሞቺ እንኳ በደንቡ መሠረት ነው።»

«ዝም በል ክሊፍ!» አለች ኖሪን።

ብራይዲ ፎጣውንና መቀሱን ከመኪናው አውጥታ በቂጧ ተንሸራታ ወረደች። አፈሩን በእጇ እየዛቀች የካንጋሮዋን ሆድ ገለጠች። ኖሪን ጠርዙ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ክሊፍ ቁርጭምጭሚቷን ይዞላታል።

«ከረጢቷን ከፈት አድርጊ። ቀስ ብለሽ። አፈር እንዳይገባ።»

«ሞቃት ነው ውስጡ... እማ፣ የሆነ ነገር አለ።»

«ይንቀሳቀሳል?»

ብራይዲ ጎንበስ አለች። ከግድግዳው አንድ እፍኝ አሸዋ ወርዶ ብራይዲ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ብራይዲ! ይንቀሳቀሳል ወይ?»

«ጆሮው... አዎ! ጆሮውን አንቀሳቀሰ! ፀጉር የለውም። ላወጣው ነው፤ ግን ጡቱን ይዞ አልለቀቀም...»

«አትጎትቺው!» አለች ኖሪን ወደ ታች እየጮኸች። «እንዳትጎትቺው! አፉን ትቀድጂበታለሽ። መቀሱን ያዢ። ጡቱን ከእናቱ ሆድ ጥግ ቁረጪው። ጫፉ አፉ ውስጥ ይቅር፤ ራሱ ሲፈልግ ይተፋዋል።»

«እንዴ፣ እናቱን ልቁረጣት?»

«ሞታለች የኔ ልጅ። እሷን አያማትም። ቁረጪ።»

ብራይዲ እጇን ወደ ከረጢቱ ሰደደች። መቀሱ አንዴ ሳተ፣ ሁለተኛው ያዘ። በዚያው ቅጽበት በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳ ሲናድ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም ነበር። አፈሩ ወርዶ ብራይዲን እስከ ጉልበቷ ዋጣት።

ኖሪን ጮኸች ወይስ አልጮኸችም፣ በኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። የምታስታውሰው ልጇ ፎጣውን ከራሷ በላይ አንስታ «ያዢው! መጀመሪያ እሱን ያዢው!» ስትል ነው። ኖሪን ተዘርግታ ጥቅሉን ተቀበለች። አልተመለከተችውም። በአንድ እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በሌላው የልጇን አንጓ ያዘች። ክሊፍ በሆዱ ተኝቶ ሌላውን ክንድ አገኘ። ጎተቱ። አንድ ጫማ እታች ቀረ፤ ብራይዲ ወጣች።

ሦስቱም መሬት ላይ ቁጭ ብለው ተነፈሱ።

«የራስ ቁሬን ግን አመጣሽው» አለ ክሊፍ በመጨረሻ።

ብራይዲ እየሳቀች አለቀሰች። ኖሪን ፎጣውን ገለጥ አደረገች። አዲስ የተወለደ ቡችላ የሚያህል፣ ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ቆዳው የሳሳ ነገር፤ ከአፉ የተቆረጠው ጡት ተንጠልጥሏል። ጡቱን እንዳይውጠው ከኪሷ ባገኘችው አንድ መርፌ ቁልፍ ጫፉን ከጨርቁ ጋር አያያዘችው። ከዚያ ጥቅሉን ወደ ብራይዲ ሸሚዝ ውስጥ ከተተችው።

«ሰውነትሽ ያሙቀው። አታናግሪው፣ አታሻሺው።»

ክሊፍ ተነስቶ ሱሪውን ማራገፍ ጀመረ። «ስለ ከረጢት ማንም አልነገረኝም፣ ኖሪን። ከሰኞ ጀምሮ ቀለም ቀቡ፣ አንሱ፣ ቅበሩ ነው የተባልነው። ያንቺ ሰዎች በመኪና ሲያልፉ ደግሞ አያለሁ። አንዳቸውም አልቆሙም። ታይተዋል ብዬ ነበር።»

«ከሰኞ ጀምሮ?» አለች ኖሪን። ዓይኗ ከጉድጓዱ ወዲያ ወዳለው፣ ሎደሩ ረግጦ ወደደለደለው መሬት ሄደ። «ስንት ቀብረሃል?»

ክሊፍ ዓይኑን ሰበረ። «እኔ አልቆጠርኩም።»

መልሶ ያደረሳቸው በራሱ ፒካፕ ነው።  መንገዱን በሙሉ ኖሪን በየጥቂቱ እጇን ሰድዳ የልጇን ደረት ትነካ ነበር፤ የትኛውን ትንፋሽ እንደምትፈትሽ ለራሷም አልለየላትም።

ቤት እንደገቡ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን አጨለሙት። ሙቅ ውሃ የሞሉትን የላስቲክ መያዣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ግልገሉን በሱፍ ኮፍያ ውስጥ አድርገው ከላዩ አስቀመጡት። ብራይዲ ወተት ልታሞቅ ስትነሳ ኖሪን ከለከለቻት፤ የበረደ ሆድ ወተት አይችልም። እስኪሞቅ ይጠበቃል። ጠበቁ።

በመካከሉ ኖሪን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልክ ተቀባይዋ ጋ ደወለች።

«ታይታለች ያልኩሽ አልታየችም ነበር። ብርቱካናማው ምልክት የእኛ አይደለም። መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ነገ በጠዋት ሰው ይፈትሽ።»

«ኖሪን፣ ማክሰኞ እኔም አንዷን አልፌአለሁ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

ኖሪን «አይዞሽ» ልትላት ፈለገች፤ አልወጣላትም። ነገ ለክሊፍ ከረጢት አፈታተሽ አሳይታ ሮዝ ቀለም እንደምትሰጠው ብቻ ነግራት ዘጋች።

ስትመለስ ብራይዲ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። «እማ፣ ተፋው።»

የተቆረጠው ጡት ጨርቁ ላይ ወድቋል። ግልገሉ ባዶ አፉን ይከፍታል፣ ይገጥማል። ኖሪን ጣቷን አንገቱ ሥር ሰደደች፤ ሞቋል። ወተቱን በቀጭኑ ጡጦ አንድ ጠብታ አፉ ላይ አደረገችለት። ፈሰሰ። ሌላ ጨመረች። ይሄኛውን ያዘው፤ ጉሮሮው ላይ ትንሽ ነገር ወጣ፣ ወረደ።

ከጠጣ በኋላ ሸፍነውት ተነሱ። ውሻቸው ኮሪደሩ ላይ መጥቶ አፍንጫውን በበሩ ክፍተት ሰክቶ ያነፈንፋል። ብራይዲ አንገቱን ይዛ ወደኋላ ጎተተችው። ኖሪን ግን ከኮፍያው አጠገብ አልተነቃነቀችም።

«እማ፣ ነይ ውጪ። ይተኛበት።»

«ቢሞትስ?»

«ቢሞት ጠዋት ሞቶ እናገኘዋለን። አንቺ እላዩ ላይ ስለቆምሽ አይድንም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ነይ።»

ኖሪን ጎንበስ ብላ ለመጨረሻ ጊዜ አዳመጠች። ከኮፍያው ውስጥ ቀጭን፣ ፈጣን ትንፋሽ ይሰማል። ከኋላዋ የልጇ ትንፋሽ አለ። በእግር ጣቷ እየረገጠች ወጣች፣ በሩን ሳበችው፣ ቁልፉን አዞረችው። እጀታውን ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው፤ ተቆልፏል።