የራሰ ታንኳ

«ስምህ የለም» አለ ጓድ አስናቀ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «አበል የሚከፈለው ማጣሪያውን ላለፉት ስምንቱ ነው።»

አምባቸው መቅዘፊያውን እንደያዘ ከጠረጴዛው ፊት አልነቃነቅ አለ። በዛሬው የታንኳ ቀዘፋ ማጣሪያ ከሃያ ታንኳ አሥራ ሰባተኛ መውጣቱን ማንም እንዲነግረው አይሻም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ሽንፈቱ አንገብግቦታል። ይህ ትናንት የመጣ ሹም ደግሞ ይጨምርበታል።

«ኑ ስላላችሁ መጣሁ። ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ እዚህ ከረምሁ» አለ። «ቤቴ እህል አልቋል። በአበሉ ልሸምት ነበር።»

«ለተሸነፈ ሁሉ ከተከፈለማ ማን ይለፋል? ሁሉም ተኝቶ መብላት ነው።»

«ተኝቼ አልቀዘፍሁም። ታንኳዬን ያራሳችኋት እናንተ ናችሁ።»

እውነቱን ነው። ከደንገል ሣር የሚሠራ ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ፣ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ እንደ ግንድ ይከብዳል። ይህን የጣና ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የአብዮት በዓል ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀ ግን ከቢሮ ወጥቶ ስለማያውቅ ታንኳዎቹ ከጳጉሜ አራት ጀምሮ ባንዲራ ተተክሎባቸው ውሃው ላይ እንዲደረደሩ አዘዘ፤ ለዓይን ያምራል ብሎ። ትእዛዝ አክብረው ቀድመው የመጡት ሁሉ ተሸነፉ። ያለፉት ስምንቱ ዛሬ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ዘግይተው በደረቅ ታንኳ የደረሱት ናቸው። የሦስት ቀን አበል የተቀበሉትም እነሱው።

ከስምንቱ አንዱ፣ ደሞዝ የሚባለው ቀዛፊ፣ የአበል ብሩን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። «የእኔ ደረቅ ስለነበረች ነው ያለፍሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ደርሶሃል፤ አርፈህ ሂድ» አለው ጓድ አስናቀ። ሊቀ መንበሩ ወደ አምባቸው ዞረ። «ነገ ግን ሁላችሁም ትገኛላችሁ። እንግዶቹ ሲመጡ ሐይቁ ባዶ መሆን የለበትም። ያላለፋችሁት ዳር ላይ ተሰልፋችሁ ታጅባላችሁ።»

«በአበል?»

«በአብዮታዊ ስሜት። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል።»

«ለአበሉ የጠፋው ስሜ ለእሱ ተገኘ በሉኛ» አለና አምባቸው ወደ ውሃው ወረደ።

ባንዲራውን ከታንኳዋ ነቅሎ በክብር ዳር ላይ ተከለው። ከዚያ ታንኳዋን ይጎትት ጀመር። አልንቀሳቀስ አለችው። ቢታገል፣ ቢታገል አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ አልል ስትለው፣ ደሞዝ የያዘውን ብር ኪሱ ከትቶ መጣና ሌላውን ጫፍ ያዘ። ተጋግዘው አወጧትና ለእንግዶቹ በተሠራው የባሕር ዛፍ መድረክ ላይ አስደግፈው አቆሟት። ውሃው በመድረኩ ቀይ ምንጣፍ ላይ ይንቆረቆር ጀመር።

ጓድ አስናቀ እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«አደርቃታለሁ» አለ አምባቸው፣ ከታንኳዋ ሥር እየተቀመጠ። «ሦስት ቀን ይፈጅባታል።»