አየር የረገጠ ተረከዝ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአግዳሚው፣ ጂምናስቲክ ከምንሠራበት ረጅም ጠባብ እንጨት ላይ፣ አራት ጊዜ ወደቅሁ። አራቱም መውረጃው ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ በሰላም ጨርሼ፣ ሁለት ጊዜ በእጄ ወደ ኋላ ተገልብጬ፣ ከጫፉ ተስፈንጥሬ አየር ላይ ሁለት ዙር ስዞር ሁለተኛው ዙር አይሞላልኝም። በእግሬ መቆም ሲገባኝ በጉልበቴና በመዳፌ ፍራሹ ላይ አርፋለሁ።

አራተኛው ጊዜ ላይ መምህር ፖምፒሊዩ መጥተው አላነሱኝም። የሮማንያን ብሔራዊ የጂምናስቲክ ቡድን የሚያሠለጥኑት፣ የሚመርጡትም፣ የሚያባርሩትም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከላይ አዩኝ።

«ፈርተሻል፣ ኦልቲያ።»

«አልፈራሁም፣ መምህር።»

«ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው ራሱ ባይፈራ እንኳ ገላው ይፈራል። ነውር የለውም።» ነውር የለውም ያሉት አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው። «ቅዳሜ ቀላሉን ትወርጃለሽ። አንድ ዙር። ከባዱን ከሞከርሽ ግን ቦርሳሽን አዘጋጅተሽ ና። ወደ እናትሽ የሚወስድሽ ባቡር ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።»

ቅዳሜ ለዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻው ማጣሪያ ነበር። ከስድስቱ ቦታዎች አምስቱ ተይዘዋል። የቀረው የአግዳሚ ሰው ቦታ ነው፤ ለእሱ ደግሞ እኔና ኢሊንካ ቀርተናል። ኢሊንካ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ የመኝታ ክፍሌም ተጋሪ። ቀላሉን ብወርድ ዳኞቹ ከዘጠኝ ነጥብ ሰባት ጀምረው ይቀንሱብኛል፤ ለእሷ ግን ከዐሥር ይጀምራሉ። መምህር ቀላሉን ውረጂ ሲሉኝ ተሸነፊ ማለታቸው ነበር።

ከዚያ በላይ የከነከነኝ ግን ያች ቃል ናት። በእኛ አዳራሽ የተሰበረ ክንድ ይጠገናል። «ፈርታለች» የተባለች ልጅ ግን ስትራመድም፣ ስትበላም፣ ስታስነጥስም ፈርታለች ነው የምትባለው።

የዚያን ዕለት ኢሊንካ አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ ፖም እየገመጠች አየችኝ።

«አያቴ፣ ምርኩዝ ላምጣልሽ?»

«ለራስሽ አስቀምጪው። ቅዳሜ ትፈልጊዋለሽ።»

«እውነት ግን አትፈሪም?»

«አንቺ ስታንኮራፊ እፈራለሁ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ፍርሃትን አውቀዋለሁ። ሲመጣ ገና ሳልነሳ ሆዴ ውስጥ ይጀምረኛል፣ እጄን ያልበኛል፣ እንቅስቃሴውንም ያጓትትብኛል። በዚህ ሳምንት ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የሌለ ነገር ሊጥለኝ አይችልም። ስለዚህ የጣለኝ ሌላ ነገር ነው።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ሁሉም ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። የአግዳሚውን ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሁለቱንም እግሬን፣ ተረከዜ ላይ ከተጠመጠመው ፋሻ ጭምር፣ ጠመኔ ቀባሁ። ከዚያ ስፖንጅ በተሞላው ጉድጓድ በኩል መውረጃውን ሠራሁ። ወደቅሁ። ወጥቼ የአግዳሚውን ጫፍ አየሁ። የጣቶቼና የፊት እግሬ ነጭ አሻራ ጥርት ብሎ ታትሟል። የተረከዜ አሻራ የለም።

ጠርጌ ደገምሁት። ጣት አለ፣ ተረከዝ የለም። ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። ከአግዳሚው ስነሳ ተረከዜ ከጫፉ ውጭ ነበር። በመጨረሻዋ ቅጽበት የምገፋው በተረከዜ ነው፤ ተረከዜ ደግሞ የሚረግጠው አየር ነበር። ወፍራሙ ፋሻ ስላለ አልታወቀኝም።

ታዲያ ለምን ወደ ጫፉ ቀረብሁ? ስገለበጥ የምሄደው ርቀት ከዓመታት ወዲህ አልተለወጠም። መገልበጥ የምጀምርበት ቦታም ምልክት አለው። ሁላችንም ይህን ምልክት የምናደርገው በአንድ መንገድ ነው። ከመውረጃው ተቃራኒ ከሆነው ጫፍ ጀምረን፣ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገጣጠምን በእግራችን እንለካለን፤ የየራሳችን ቁጥር ላይ ስንደርስ በጠመኔ ትንሽ መስመር እናሰምራለን። የኔ ቁጥር ስምንት ነው። በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው አዳራሽ ውስጥ የማይጠፋብን ሜትር እግራችን ስለሆነ፣ ይሳሳታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ታንቲ ሳፍታ ጋ ሄድሁ። የውድድር ልብሳችንን የምትሰፋልን ሴት ናት፤ ሁላችንም እንደ አክስት ታንቲ እንላታለን።

«ሜትርሽን አውሺኝ።»

«ወገብሽን ለክተሽ ልታለቅሺ ከሆነ አልሰጥሽም።»

«እግሬን ነው።»

«እግር ያስለቀሰው ሰው አላየሁም። ውሰጂ።»

ባዶ እግሬ ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ሰኞ ጧት ሐኪሙ የተረከዜ ጅማት እንዲያርፍ ብሎ በሁለቱም ተረከዜ ላይ ወፍራም ሱፍ ደርቦ አሰረልኝ። ከነፋሻው ሃያ ሁለት ተኩል። በስምንት ሲባዛ ልዩነቱ አራት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አግዳሚው ላይ ያለውን ምልክቴን ለካሁት። አንድ መቶ ሰባ ስድስት ላይ መሆን ሲገባው አንድ መቶ ሰማንያ ላይ ነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ጫፍ ቀርቧል። የመጀመሪያው ውድቀቴም ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ዓርብ ጧት ሜትሩን ይዤ መምህር ፊት ቆምሁ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«በአራት ሴንቲ ሜትር ነው የወደቅሽው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ ዓመት ሳሠለጥን ሜትር ይዛ አግዳሚ ላይ የወጣች ልጅ አላየሁም። ፈሪ ምክንያት አያጣም፣ ኦልቲያ። ቀላሉን።»

«መጥተው አሻራውን ይዩት።»

«ቀላሉን አልኩ።»

ቅዳሜ ጧት ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ጫማ፣ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የእናቴ ፎቶ። ወደ አዳራሹ ይዤው ገብቼ በሩ ሥር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጥሁት።

ኢሊንካ ከእኔ በፊት ሠራች። ጥሩ ሠራች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወገቧ ተወላገደና እጇን አወናጭፋ ተረፈች። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አምስት። ተመልካቹ የሱፍ አበባ ፍሬ መፈርከሱን ትቶ አጨበጨበላት።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ለማሟሟቂያ የሚሰጠን ሠላሳ ሰከንድ ነው። ከእጅጌዬ ሥር ጥብጣብ መዘዝሁ። ታንቲ ሳፍታ ከማይለጠጥ ጨርቅ ልክ አንድ መቶ ሰባ ስድስት አድርጋ የቆረጠችልኝ ነው። አግዳሚው ላይ ዘረጋሁት። ልጆቹ የተቀመጡበት ወንበር በሳቅ ፈነዳ።

«አያቴ ለአግዳሚው ቀሚስ ልትሰፋለት ነው!» አለች ኢሊንካ።

«ወገቡ ካንቺ ይሻላል፣ አይወላገድም!» አልኳት።

ከተመልካቹ መካከል ደግሞ የታንቲ ሳፍታ ድምፅ መጣ፦ «እንዳይጣመምብሽ! ቀጥ አድርጊው!»

ዋናዋ ዳኛ መነጽሯን አውርዳ አየች፤ የሚከለክል ደንብ ስለሌለ መልሳ አጠለቀችው። መስመሬን አሰመርሁ። ወርጄ የዳኛዋን ምልክት ስጠብቅ መምህር ፖምፒሊዩ አጠገቤ መጥተው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተናገሩ።

«ባቡሩ ስምንት ሰዓት ነው።»

«ቦርሳዬ በር ላይ ነው፣ መምህር።»

ወጣሁ። አግዳሚ ላይ ያለሁበትን አንድ ደቂቃ ተኩል ሙሉውን አላስታውሰውም። መጨረሻውን ግን አስታውሳለሁ። ምልክቴ ላይ ቆሜ ቀና ስል መምህርን ፊት ለፊቴ አየኋቸው። አንድ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ቀስረዋል። አንድ ዙር። ሆዴን አዳመጥሁት፤ ዝም ብሏል። እጄ ደረቅ ነው።

ተገለበጥሁ፤ ደገምሁ። ተረከዜ ጠንካራ ነገር አገኘ። ያን ጊዜ ገና አየር ላይ ሳልወጣ አወቅሁት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ፍራሹ ከእግሬ ሥር መጣ። ትንሽ ዘለል አልሁና ቆምሁ።

ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሁለት አምስት።

መምህር ወደ እኔ አልመጡም። ወደ አግዳሚው ሄዱ። ጫፉ ጋ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ጣት አለ። ተረከዝ አለ። በጣታቸው የተረከዙን ነጭ አሻራ ነካ አድርገው ጠመኔውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ከዚያ ወደ በሩ መጡ፤ እኔ ቦርሳዬ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ይሄን ቦርሳ ከዚህ አንሺው። ሰው ያደናቅፋል።»

እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ይቅርታ መሆኑን ያውቃል። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ልጆቹ ሁሉ ቦርሳውን አነሳለሁ ብለው ጠበቁ። አላነሳሁትም።

«ረቡዕ ዕለት ፈርተሻል ያሉኝ ሁሉም እየሰማ ነው።»

«ስምሽን ዝርዝሩ ላይ ጽፌያለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሱን ያመጣው ውጤቴ ነው። ቃሉን ግን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል። ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መምህር ሰዓቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቦርሳውን አዩ። እኔም የቦርሳውን ማንገቻ ያዝሁ፤ ያዝኩት እንጂ አላነሳሁትም። ወዴት እንደማነሳው የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

«አልፈራሽም፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኢሊንካ አልሰማችም።»

ፊታቸው ቀላ። ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ኦልቲያ አልፈራችም! ምልክቷ ነው የተሳሳተው!»

ኢሊንካ ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ ወንበሩ ጥግ እያለቀሰች ነበር። ከፎጣው ሥር ጮኸች።

«ሰምቻለሁ! የተሸነፍሁ እንጂ የደነቆርሁ አይደለሁም!»

ያን ጊዜ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መኝታ ክፍላችን ወሰድሁት።