«ከመሬት በታች» የተባለው ፎልደር

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ መረጃ ክፍል ነው። ሥራዬ የማንም ታካሚ ፋይል እንዳይጠፋ መጠበቅ ስለሆነ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለወላጆቼ ኮምፒውተርም መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ዲስክ ገጥሜ፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አንዲት ፎቶ አትጠፋም» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ደወለች።

«ጣውንቴ ታማለች፤ ስታቃስት ነው ያደረችው» አለችኝ።

ጣውንቴ የምትለው ኮምፒውተሩን ነው። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከፊቱ አይነሳም። ካርታ የሚጫወት ነበር የሚመስለን።

ሄጄ ጠጋ ብዬ ባዳምጥ የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ብዙም አይቆይም። በአዲስ ከመቀየሬ በፊት ግን፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኖሮ መጠባበቂያው ላይ የሌለ ፋይል ካለ ዝርዝሩን እንዲያወጣልኝ አደረግሁ። አንድም አልጠበቅሁም። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ወጣ።

ፊቴ ጋለ። ሁሉም «ከመሬት በታች» የሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። እኔ እንዲገለበጡ የመረጥኳቸው የሰነድና የፎቶ ፎልደሮችን ብቻ ነበር፤ አባቴ ለካ ከእነሱ ውጪ የራሱን ከፍቷል።

የመጀመሪያውን ከፈትኩት። የአንድ መንገድ ንድፍ ነው። ከሥሩ «ከዳቦ ቤቱ ደረጃ ስድስት ሜትር፣ ከግንቡ ሁለት። ይህ ቫልቭ የሚዘጋው ወደ ግራ ነው፤ በጉልበት አትታገሉት» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ መቶኛውም እንደዚያው። የከተማው ቧንቧ መንገድ በመንገድ ተዘርግቷል።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ በማዳመጥ ብቻ ውሃው የት ጋ እንደሚያፈስ ስለሚያውቅ ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ፣ «አገኘሽው?» አለ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው። «መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች በየሳምንቱ እየደወሉ የዚህ ሰፈር ቫልቭ የት ነው፣ የዚያኛውስ የት ነው ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን ስልኩን የማነሳው እኔ አልሆንም። መሥሪያ ቤት ያለው ካርታ እንደሆነ አርጅቷል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል?»

«ሳያልቅ ምኑ ይወራል?»

መገልበጥ ጀመርን። እሱ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ዲስኩ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ፣ እንደገና አስነሳዋለሁ። እናቴ ምሳችንን እዚያው አመጣችልን፤ ማናችንም አልነካነውም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከሦስት ፋይሎች በቀር ሁሉም ወጣ።

«ሦስቱ አልተረፉም። ይቅርታ አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የትኞቹ?»

ስማቸውን አነበብኩለት። ወረቀት አምጪ አለኝና ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይሥል ገባ። ልኬቱን፣ ጥልቀቱን፣ የቧንቧውን ውፍረት ሳይቀር አሰፈረ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀበት። እኔ የገዛ ስልክ ቁጥሬን እንኳ አይቼ ነው የምናገረው። እናቴ ወረቀቱን አንስታ ብዙ ካየችው በኋላ፣ «ለካ ጣውንቴ ሥራ ላይ ነበረች» አለች። ድምጿ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

ሰኞ ዕለት ሁሉንም በአንድ ትንሽ ዲስክ አድርገን ውሃ መሥሪያ ቤት አስረከብን።

ከወር በኋላ ሆስፒታላችን በር ላይ ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ውሃው ወደ ድንገተኛ ክፍሉ መግባት ጀመረ። ሮጬ ስወጣ አንዲት ወጣት መሐንዲስ የአባቴን ንድፍ ይዛ ከሆስፒታሉ ግንብ ጀምራ በሜትር ትለካለች።

«እዚህ ጋ ቆፍሩ» አለች።

አንዱ ሠራተኛ ድፍኑን አስፋልት አየት አድርጎ፣ «እዚህ እኮ ምንም የለም» አላት። ቢሆንም ቆፈሩ። የቫልቩ ክዳን ከተጻፈበት አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ተገኘ። ዘጉት፤ ውሃው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ።

ያው ሠራተኛ ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄን የሣለው ማነው?» አለ።

«አባቴ ነው» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ ኖሮ በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

ደውዬ ነገርኩት። የገረመው ሌላ ነገር ነበር። «አንድ ክንድ? ግንቡን ገፍተውት ነው እንጂ እኔ አልሳትኩም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሜትሩን ይዞ ከታክሲ ወረደ። ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁለት። ጎንበስ ብሎ ለካ፣ ግንቡን አየ፣ እንደገና ለካ።

«ተገፍቷል» አለ።

መሐንዲሷ ንድፉንና እስክሪብቶዋን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ እርስዎ ያርሙልን» አለችው።